ፌሮ የጫነው ተሳቢና አራተኛ ማርሽ፦ በሱሉልታ ዳገት ላይ የሆነ የመቅደም ጉዳይ

ጉዳዩ የሆነው ባለፈው የካቲት፣ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ቦታው ከአዲሱ ገበያ ተነስቶ እንጦጦን እየወጣ ወደ ሱሉልታ የሚሻገረው የጎጃም መንገድ ነው። ሞተረኛው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነው፤ ስሙ ለጉዳዩ ስለማያስፈልግ «ልጁ» እያልኩ እቀጥላለሁ። ከከተማ መለዋወጫ ይጭንና ሱሉልታና ጫንጮ ላሉ ጋራዦች ያደርሳል። የዚያን ዕለት ከኋላው ባሰረው ሣጥን ውስጥ የፍሬን ሸማ፣ የዘይት ማጣሪያና ሁለት ባትሪ ነበር፤ ሁሉም ተደምሮ 35 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ከአደጋው የወጣው የቀኝ እጁ አንጓ ተሰብሮ ነው። ሰው ስላልሞተ ከአንዱ በቀር ሁሉም ወገን ቁጭ ብሎ ሊያወራኝ ችሏል፤ በዚህ ሥራ እንዲህ ያለ ዕድል ብዙ ጊዜ አይገኝም።

እኔ ሞተር አስተምራለሁ። አሠሪው ልጁን ወደ እኔ ሲልከው የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ፈጥኖ ነው ወይስ ሳይችል ነው?» ከልጁ፣ ከተሳቢው ሾፌርና ከኋላ ከነበረው የአይሱዙ ሾፌር ጋር ተነጋገርኩ፤ ከልጁ ጋር ሆነንም ቦታውን በእግር ሄደን አየነው። ከላይ ሲወርድ የነበረው ሚኒባስ ግን ሳይቆም ስላለፈ የእሱን ወገን አላገኘሁም። የአሠሪው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ሆኖ ነው ያገኘሁት። ልጁ አልፈጠነም። መንዳትም ይችላል። ችግሩ መቅደም የጀመረው ከመስመሩ ከወጣ በኋላ መሆኑ ነው።

ቦታው

ያ ዳገት ለማያውቀው፦ የአዲስ አበባ መሀል 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ የእንጦጦ ጫፍ ደግሞ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ጉዳዩ የሆነበት ቁራጭ አንድ መውጫና አንድ መውረጃ ብቻ ያለው ነው። ግራና ቀኙ ባሕር ዛፍ ነው፤ መንገዱ ጥቂት ቀጥ ይልና ወደ ቀኝ ይታጠፋል፤ ኩርባው ላይ ያለው ቀጥ ያለ የተራራ ግድግዳ ዕይታን ይዘጋል። የመሀል መስመሩ ቀለም ለቋል፤ ቢሆንም ወደ ኩርባው ሲጠጋ ያልተቆራረጠ መሆኑ ጎንበስ ብሎ ለተመለከተ ይታያል። በመንገዱ ዳር ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ እናቶች ይወርዳሉ፣ ማለዳ አትሌቶች ይሮጣሉ፣ አህያ ይነዳል። ስለዚህ «ከመጣብኝ ወደ ዳር እወጣለሁ» ማለት እዚያ መንገድ ላይ ሁልጊዜ አይሠራም፤ ዳሩ የሰው ነው።

ሌላው የቦታው ነገር አየሩ ነው። ወደ 3,000 ሜትር ሲጠጋ የአየሩ ጥግግት ከባሕር ወለል አንጻር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይቀራል። ሞተር የሚስበው አየር ሲቀንስ ጉልበቱም በዚያው ልክ ይቀንሳል። የልጁ ሞተር 150 ሲሲ፣ ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ዕቃ)፣ ባለ አምስት ማርሽ ነው። ወረቀቱ ላይ 12 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ እዚያ ዳገት ላይ ግን 9 ቢያወጣ ነው። ካርቡሬተሩ ለዝቅተኛ አገር ተስተካክሎ የመጣ ከሆነ ደግሞ ቤንዚኑ ለአየሩ ይበዛበትና ከዚያም ያነሰ ይሰጣል። ዝዋይ ወርዶ በ80 የበረረው ልጅ በዚሁ ሞተር ሱሉልታ ሲወጣ «ሞተሬ ታሟል» የሚለው ለዚህ ነው። አልታመመም፤ አየር አጥሮታል።

የሆነው

ከፊቱ ፌሮ የጫነ ተሳቢ ይወጣል። ብረቱ ከጭነቱ አልፎ ወደ ኋላ ወጥቷል፣ ጫፉ ላይ ቀይ ጨርቅ ታስሯል፤ ፍጥነቱ በሰዓት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጁ ከኋላው ተጠግቶ በአራተኛ ማርሽ ይከተላል። ለምን በአራተኛ? ስጠይቀው «ሞተሩ እንዳይጮህ፣ ቤንዚንም እንዲቆጥብልኝ» አለ። ጋራዥ ውስጥ የሚወራ ምክር ነው፤ ለሜዳ ክፉ አይደለም። ከልጁ ኋላ ደግሞ አንድ አይሱዙ አለ፤ እሱም ተሳቢውን ማለፍ ይፈልጋል።

በተሳቢው የቀኝ መስኮት የረዳቱ እጅ ወጥቶ ተወዛወዘ። ልጁ «እለፍ አለኝ» ብሎ ፍሬቻ አበራና ወጣ። ነዳጁን እስከ መጨረሻ ከፈተ። ሞተሩ ጉርር አለ እንጂ አልተፈናጠረም፤ ከተሳቢው ጋር እኩል ሊሄድ ትንሽ ቀረው፣ ቀስ ብሎም መቅደም ጀመረ። የተሳቢው መሀል ጎማ ጋ ሲደርስ እንደማይወጣለት ገባው። ፍሪሲዮኑን (ሞተሩን ከጎማው የሚያላቅቀውን መያዣ) ያዘና ማርሽ ቀነሰ። ዳገት ላይ ፍሪሲዮን በተያዘባት በዚያች ቅጽበት ሞተር ሳይክሉን የሚገፋው ምንም የለም፤ ዳገቱ ብቻ ወደ ኋላ ይጎትታል። ያገኘውን ጥቂት ፍጥነት ሁሉ እዚያው አጣው። ከጎኑ ያለው ጎማ ቆሞ የሚሽከረከር መሰለው፤ ይህ ማለት ሁለቱ እኩል እየሄዱ ነው ማለት ነው። ሚኒባሱ ከኩርባው ብቅ ያለው ያኔ ነው።

ልጁ ነዳጁን ዘጋ፣ ፍሬን ያዘ፣ ወደ ኋላ ቀረ። ይህን በማድረጉ ነው ዛሬ በሕይወት ያለው፤ ስለዚህ ነገሩን ሁሉ ስናነሳ ይህን ውሳኔ እንዳንረሳበት። ሚኒባሱም ፍሬን ይዞ የቻለውን ያህል ወደ ዳር ወጣ። ልጁ ወደ መስመሩ ሊመለስ ሲል ግን የለቀቀው ቦታ የለም። እሱ ሲወጣ አይሱዙው ተጠግቶ ሞልቶታል። በአይሱዙው አፍንጫና ቀይ ጨርቅ በታሰረበት የፌሮ ጫፍ መካከል የቀረችው ክፍተት ሞተር ከነሰውዬው ብቻ የምታስገባ ነበረች። መሪውን ወደ ቀኝ አጥፎ ገባ፤ ፌሮው ፊቱ ላይ ሲመጣበት የፊት ፍሬኑን ደግሞ ጨመቀው። ከኋላ ጭነት ያለበት ሞተር ዳገት ላይ የፊት ጎማው ቀላል ነው፤ መሪው ታጥፎ፣ ጎማው አሸዋማ ጠጠር ላይ ሆኖ ሲጨመቅ ተቆለፈና ወደ ቀኝ ጣለው። አይሱዙው ቆመ። ተሳቢው ግን ምንም ሳያውቅ ቀጠለ፤ ሾፌሩ የሰማው ሱሉልታ ደርሶ ሻይ ሲጠጣ ነው።

ማርሹ

እዚህ ላይ ትንሽ ሒሳብ ያስፈልጋል፤ ያለ ሒሳብ ሁሉም ሰው የየራሱን ስሜት ያወራል።

እንዲህ ባለ ሞተር በ25 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ ላይ ሞተሩ በደቂቃ 2,300 ዙር ገደማ ነው የሚዞረው። ሁለተኛ ላይ ቢሆን 4,100 አካባቢ ይዞራል። ካቴናው የሚያዞረው የኋላ ጥርስ ከተቀየረ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ልዩነቱ ግን ያው ነው። በ2,300 ዙር ሞተሩ የሚያወጣው ከሙሉ ጉልበቱ ሩቡን ያህል ነው፤ በ4,100 ከግማሽ ያልፋል። አሁን ሞተሩን፣ ልጁንና ሣጥኑን ደምሩ፤ 240 ኪሎ ይሁን። ዳገቱን 8 በመቶ እንበል። ይህን ክብደት በ25 ፍጥነት ሽቅብ ለመግፋት ብቻ የሚፈለገው ጉልበት አራተኛ ማርሽ በዚያ አየር ከሚሰጠው ጋር እኩል ለእኩል ነው። ይህ ማለት ልጁ ነዳጁን እስከ ጥግ ቢከፍትም ለመፍጠኛ የሚተርፍ እምብዛም የለም። ሁለተኛ ላይ ቢሆን ኖሮ ዳገቱን ከከፈለ በኋላ ግማሽ ያህሉ ይተርፈው ነበር፤ የሚያስፈነጥረው እሱ ትርፍ ነው።

ለምን ሦስተኛ አይሆንም? በ25 ላይ ሦስተኛ 2,800 ዙር ገደማ ነው፤ ከአራተኛ ይሻላል፣ ግን ያው እየተጎተተ ይወጣል። ለምን አንደኛ አይሆንም? አንደኛ በዚያ ፍጥነት ወዲያው ጣሪያው ላይ ስለሚደርስ መሀል ላይ እንደገና ማርሽ መቀየር ግድ ይሆናል፤ ከዚህም በላይ በአንደኛና በሁለተኛ መካከል ፎሌ (ምንም ማርሽ ያልገባበት ቦታ) አለ። ከተሳቢ ጎን ሆኖ ፎሌ ማግኘት ማንም የሚመኘው ነገር አይደለም። ሁለተኛ ግን ከ25 ተነስቶ እስከ 50 ድረስ ያለ ማርሽ ለውጥ ይወስዳል፤ መቅደሙ በሙሉ በአንድ ማርሽ ያልቃል። ፍሪሲዮን ሳይነካ ያልቃል ማለት ነው። ሌላም ጥቅም አለው፦ መሀል ላይ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ነዳጁን በመዝጋት ብቻ ሞተሩ ራሱ ይይዘዋል። በአራተኛ ወደፊትም ኃይል የለም፣ ወደ ኋላም ያዥ የለም።

«ይጮሃል» የሚለውን ፍርሃት አውቀዋለሁ፤ ተማሪዎቼ ሁሉ ይዘውት ይመጣሉ። ከቀዩ መስመር፣ ማለትም ከሚፈቀድለት ከፍተኛ ዙር፣ በታች እስከሆነ ድረስ ሞተር ሲጮህ አይጎዳም፤ ሥራው ነው። የሚጎዳው ዝቅተኛ ዙር ላይ ሙሉ ነዳጅ ተከፍቶለት ዳገት መጎተት ነው፤ ይሞቃል፣ ይንኳኳል፣ ካቴናውንም ይበላል። ለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ካቴና የሚያጠብቁ ሞተረኞች ምስክር ናቸው። ቤንዚኑም ቢሆን፣ ለአሥር ሰከንድ ሁለተኛ ማርሽ የሚጠጣው ለወሬ አይበቃም።

ዕይታው

ከልጁ ጋር ቦታውን በእርምጃ ስንለካው፣ ከወጣበት ነጥብ እስከ ኩርባው ድረስ ባዶ ሆኖ የሚታየው መንገድ ወደ 170 ሜትር ነበር። በቂ ይመስላል። መኪናን በፍሬን ለማቆም ቢሆን በቂ ነው።

አንድ ተሳቢ ከነጎታቹ 18 ሜትር ይሁን። ከኋላው 10 ሜትር፣ ከፊቱ ሲገቡ 15 ሜትር፣ ሞተሩ ራሱ 2 ሜትር፤ ከተሳቢው በላይ መጓዝ ያለበት 45 ሜትር ነው። በሁለተኛ ማርሽ በአማካይ በ42 ቢሄድ፣ ተሳቢው በ25 ሲሄድ፣ ይህ ወደ 10 ሰከንድ ይፈጃል። በ10 ሰከንድ ሞተሩ 110 ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከላይ በ60 የሚወርድ ሚኒባስ ደግሞ በዚያው ጊዜ 160 ሜትር ይወርዳል። ሲደመር 270 ሜትር፤ ያውም አንዲት ሜትር ትርፍ ሳይያዝ። ልጁ በአራተኛ እንደሄደው በ30 ከሆነ ግን መቅደሙ ከ30 ሰከንድ በላይ ይወስዳል፤ የሚፈለገው ባዶ መንገድ 800 ሜትር ይሆናል። ከአዲሱ ገበያ እስከ ጫፉ ድረስ ቀጥ ያለ 800 ሜትር ፈልጎ ያገኘ ይንገረኝ።

ልብ በሉ፤ በ170 ሜትር ዕይታ በትክክለኛው ማርሽም ቢሆን መውጣት አልነበረበትም። ትክክለኛው ማርሽ ፈቃድ አይሰጥም፤ የሚያሳጥረው የተጋለጡበትን ጊዜ ነው። ይህን የምለው ተማሪ ሁለተኛ ማርሽን እንደ ክታብ እንዳይዘው ነው።

ልጁ ኩርባው ለምን ሳይታየው ቀረ? እዚህ ላይ ነው የረዳቱ እጅ የሚገባው። ረዳት በቀኝ ነው የሚቀመጠው። ልጁ የእጁን ምልክት ለማየት ሲል የመስመሩን ቀኝ ይዞ፣ ከተሳቢው አምስትና ስድስት ሜትር ርቀት ላይ፣ ጭሱ ውስጥ ነበር። ከዚያ ቦታ የሚታየው ፌሮና ቀይ ጨርቅ ነው። እጁን ለማንበብ ሲል መንገዱን ማንበብ ተወ። በኋላ ከተሳቢው ሾፌር ጋር ሳወራ ነገሩ ይበልጥ ከፋ፤ ረዳቱን ጠርቶ አገናኘኝ።

«ቀስ በሉ ነው ያልኩት» አለ ረዳቱ፣ መዳፉን ወደ ታች አድርጎ እያሳየኝ። «ደግሞ ለአይሱዙው ነው። ሞተሩን መቼ አየሁት?»

ሾፌሩ ሣቅ ብሎ «ልጄ፣ እኔ ራሴ ከኋላዬ ያለውን ሞተር አላየውም። ስፖኪዮ ውስጥ ካልገባ የለም ማለት ነው» አለኝ። የእኔን ዕድሜ ያላየ አይመስለኝም፤ ግን ሾፌር ሁሉን ሰው ልጄ ይላል። የተናገረው ግን ለማንኛውም ሞተረኛ የሚሆን ነው፤ የሾፌሩን ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ካላያችሁ እሱም እናንተን አያያችሁም።

የሌላ ሰው እጅ ቢቀና እንኳ የሚያየው ከራሱ መቀመጫ ነው፤ የሚገምተውም መኪና እንደሚያልፈው ነው። 35 ኪሎ የጫነ ባለ 150 ሲሲ በ3,000 ሜትር ላይ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅበት ረዳቱ ከየት ያውቃል?

የለቀቀው ቦታ

የአይሱዙውን ሾፌር ያነጋገርኩት በመጨረሻ ነው፤ ግልጽ ሰው ነው። «ሞተሩ ሲወጣ እሱን ተከትዬ ልወጣ ነበር» አለ። ደርቦ ሊቀድም ነበር ማለት ነው። ለዚህ ሲል ተጠጋ፤ ልጁ የተወውን ክፍተትም በላው። ጥፋቱ የእሱ ነው፤ እሱም አልካደም። ግን ሞተረኛው በሌላ ሰው ደግነት ላይ መንጠልጠል የለበትም። ከኋላችሁ የሚገፋ መኪና ካለ፣ በወጣችሁበት ቅጽበት መመለሻችሁ እንደተዘጋ ቁጠሩት፤ ስለዚህ ወይ መጀመሪያ እሱን አሳልፉት፣ ወይ ሁለት መኪና ያህል ወደ ኋላ ቀርታችሁ ቦታ ፍጠሩ። ወደ ኋላ መቅረት ሦስት ነገር በአንድ ጊዜ ይሰጣል፦ ከጭሱ ያወጣል፣ ከተሳቢው ግራ በኩል መንገዱን ያሳያል፣ ከመስመር ሳይወጡ ፍጥነት የሚሰበስቡበት ሜዳም ይሆናል። ሁለተኛ ማርሽ የሚገባው እዚያ፣ ከኋላ ነው። ፍጥነቱ በራስ መስመር ውስጥ ይጀመራል፤ ከተሳቢው ኋላ ሲደርስ መንገዱ አሁንም ባዶ ከሆነ ይወጣል፣ ካልሆነ ነዳጁን ይዘጋና ባለበት ይቀራል። ለዚህ የሚከፈለው ጥቂት ቤንዚን ነው።

ከዚያ ወዲህ

አንጓው ከዳነ በኋላ ልጁን በባዶ ሜዳ ሁለት ነገር ብቻ አሠራሁት። አንደኛው ዳሽቦርዱን ሳያይ በድምፅ ማርሽ መለየት ነው፤ ጆሮው ለመደ። ሁለተኛው መሪው ቀጥ ብሎ ሳለ ብቻ የፊት ፍሬን መያዝ ነው፤ ይህ ጊዜ ወሰደ፤ የደነገጠ እጅ ቶሎ አይማርም። ሣጥኑን ከጫፍ አንስተን ወደ መቀመጫው አስጠጋነው፤ ባትሪዎቹ ከታች ሆኑ። በሚመላለስበት መንገድ ላይም የመብራት ምሰሶዎቹን ርቀት አንድ ጊዜ በእርምጃ እንዲለካ አደረግኩት፤ አሁን ባዶ መንገድን የሚቆጥረው በምሰሶ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን እስካሁን አልተስማማንም። «ጋሼ፣ ተሳቢ እኮ በ25 ነው የሚሄደው፤ ለምን በቀኝ በኩል ሹልክ ብዬ አላልፍም? ሁሉም እንደዚያ ነው የሚያደርገው» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በዚያ ዳገት ላይ ሞተረኛው ብዙ ጊዜ በቀኝ ነው የሚያልፈው። የእኔ መልስ አጭር ነው። ከባድ መኪና ዳገት ላይ ኃይል ካጠረው ረዳቱ ድንጋይ ይዞ የሚዘለው በቀኝ በር ነው፤ ጎማ ሥር ድንጋይ ሊያስገባ። ጉድጓድ ሲሸሽ ወይም ለሚመጣ መኪና ቦታ ሲለቅ የሚጠጋውም ወደ ቀኝ ነው። ዳሩ ላይ ደግሞ ጭራሮ የተሸከሙት እናቶች አሉ፤ ሸክሙ ወገባቸውን አጉብጦት ቀና ብለው ማየት አይችሉም። ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ «እሺ» ይላል፤ ሲል ግን ወደ ሌላ ቦታ እያየ ነው። አሠሪው በሚቀጥለው ወር ሁለተኛ ሞተረኛ ሊቀጥር ስላሰበ፣ ሁለቱን አንድ ላይ ይዤ ወደዚያው ዳገት ልወጣ ቀጠሮ ይዘናል።